ጥርሱ የወለቀው ሜትር

ጥር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ? ያ ብርድ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ብቻ ከሳሙናው ብዛት የሰው እጅ መምሰሉን ትቷል።

ባለፈው ሳምንት ሹመት አገኘሁ። አይሳቁ። እዚህ ሰው አገር የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ፤ ለሦስት ወር ሙከራ። ከሆነልኝ እቀጥላለሁ፣ ካልሆነልኝ ወደ ካውያዬ እመለሳለሁ። ክፍሉ ከምድር በታች ነው፤ መስኮት የለውም። አሥራ አራት ማሽንና ሁለት ፈረቃ አለው። ማሽኖቹ ተስማምተው ይሠራሉ።

የጧቱ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ የከሰዓቱ በዚያው ሰዓት ይገባል። በር ላይ ይተላለፋሉ፣ ሰላምታ የለም። ሁሉም የየራሱን ጋሪ በሰንሰለት አስሮ፣ ቆልፎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ የጠረጴዛ ልብስ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ታጠበ። የጧቶቹ አጥበው ጋሪ ላይ ይተዉታል። የከሰዓቶቹ መጥተው «ቆሻሻቸውን ጥለውልን ሄዱ» ብለው ያጥቡታል። በማግስቱ የጧቶቹ «አሁንም ቆሻሻ» ብለው ይደግሙታል። እነዚያም በብስጭት ሳሙና ይጨምራሉ። ያወቅነው አበቦቹ ከልብሱ ላይ ሲጠፉ ነው።

የከሰዓቱ ፈረቃ መሪ አሥራ ሰባት ዓመት የሠሩ ሴትዮ ናቸው። «ጄኔራሏ» ይሏቸዋል። ሹመቴን ከሰሙ ወዲህ ሲያዩኝ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ድረስ ይቆልፋሉ።

እርስዎ ይህን ያህል ዘመን አናጢ ያስተዳደሩ ሰው ነዎት። አናጢ ደግሞ ከራሱ መዶሻ ጋር እንኳ የሚጣላ ፍጥረት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ይምከሩኝ።

አባባ በየወሩ መጀመሪያ እሁድ ከጥጉ ሱቅ ይደውልልኛል። «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እናንተ በአንድ ግቢ ነው የምትውሉት። በእርግጥ እንዴት እንደሆነ እርስዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 24

ለተወደድሽው ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የያዝሽው ይቅናልሽ፣ የረገጥሽው ይጽናልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ጧት አይገባም፣ ማታ ቀድሞ ይወጣል።

ደብዳቤሽን ለክፍሌ ሰዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። የጠረጴዛው ልብስ ላይ ስደርስ አንዱ መጋዙን አቁሞ ሳቀ። «እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለ?» አለ።

ምክሬን ስሚ። መጀመሪያ ወደ ጄኔራሏ ራስሽ ሂጂ። ነገ ዛሬ አትበይ። ሰው በሌላው ሹመት ያን ያህል አይከፋም፤ ከሌላ አፍ ሲሰማው ነው የሚከፋው። ከየት አወቅህ አትበይኝ። ከዚያ ሁለቱን ፈረቃ ሰብስበሽ ፊት ለፊት አነጋግሪ። አፍ ለመብል ብቻ አልተሠራም። በኩርፊያ የቆመ ቤት አላየሁም።

እኛም ጋ ሥራ በዝቷል። ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ መቶ ሃያ ወንበር ታዘናል። መጋቢት 10 እናስረክባለን። ባለቤቱን ታስታውሺዋለሽ፤ «ቶሎ ቶሎ» የምንለውን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጽሑፍ አሠርቶ ግቢው መካከል ሰቅሏል። ድሩ ማን፣ አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አልጻፈም። የእንጨት ክፍሉ ድሩ እኛ ነን ይላል፤ የመቀመጫ ክፍሉም እንደዚያው። ይኸው ሰውዬ ባለፈው ሰኞ ምን አለ? «ይህ ትእዛዝ ካላማረ የመቀመጫ ክፍሉን ዘግቼ፣ መቀመጫ ውጭ አሠራለሁ።» የመቀመጫ ክፍሉ የሚመራው በአባትሽ ስለሆነ ነው የምነግርሽ።

አሠራራችንን ረስተሽው ከሆነ፣ እኛ የወንበሩን አጥንት እንሠራለን። ከግድግዳው ማዶ ያሉት መቀመጫውን ይሠራሉ፤ ጣውላ ቆርጠው፣ ስፖንጅ አልብሰው፣ ጨርቅ ወጥረው። ልኩን በአጥንቱ ሆድ ላይ በጠመኔ እንጽፍላቸዋለን። መልስ ካላቸው እነሱም በጠመኔ ይጽፋሉ። ጫጫታ የሌለው፣ ሥርዓት ያለው አሠራር ነው።

አባትሽ ደህና ነው። ትናንት ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ሳል ነው፣ ደረቅ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የክፍላችን ሜትር አርጅቶ ቁጥሩ ሁሉ ተፍቋል። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ጥሩ ሜትር ላኪልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 15

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ምክርዎ ደርሶኛል፤ በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት። ግን ተራውን አዛነፍኩት። ጄኔራሏን ፈርቼ መጀመሪያ ስብሰባውን ጠራሁ።

የጧቶቹ ከማሽኖቹ በዚህ በኩል ተቀመጡ፣ የከሰዓቶቹ በዚያ በኩል። ስድስተኛዋን ማሽን ማን እንዳስነሣት እስካሁን አላወቅኩም። እኔ ስናገር እሷ ትጨምቃለች። ከማሽን ጋር እየተጯጯህኩ «የምትባባሉት ነገር ካለ ዛሬ ተባባሉ» አልኩ።

«እኛ የምንለው የለንም» አሉ ጄኔራሏ። «ሲኖረን ወረቀት ላይ ጽፈን እንለጥፋለን።»

«ጽሑፋችሁ አይነበብም» አለች ከጧቶቹ አንዷ።

«ማንበብ ለሚችል ይነበባል።»

ስብሰባው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሲወጡ ሁለት ጋሪ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አየሁ።

በማግስቱ ወደ ጄኔራሏ ሄድኩ። ትልቁን አንሶላ ለብቻቸው ሊያጥፉ ሲታገሉ አገኘኋቸው። የሆቴሉን ትልቅ አልጋ አንሶላ አይተውት አያውቁም፤ ሜዳ ያለብሳል። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና አፌን ስከፍት ሁለቱን ጥግ ሰጡኝ። ማጠፍ ያዝን። ሠላሳኛው አንሶላ ላይ ይመስለኛል፣

«ሹመቱ ከደረሰሽ በኋላ እኔ ከሰው እስክሰማ ስንት ቀን ቆየሽ?» አሉኝ።

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን ሙሉ አፍሽ ምን ይዞ ነበር?»

«ፍርሃት።»

«እሺ። ጥጉን አጥብቀሽ ያዢ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዋናቸው ከላይ አንድ ቁልፍ ክፍት ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ነው። አሁን ትልልቆቹን አንሶላዎች በሙሉ ለስምንት ሰዓት አቆያቸዋለሁ። ፈረቃ ሲለዋወጥ አንድ ሰው ከጧቱ፣ አንድ ሰው ከከሰዓቱ አንድ አንሶላ ይይዛሉ። ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። እንዲነጋገሩ ማንንም አላዘዝኩም። ግን ትልቅ አንሶላ በዝምታ አይታጠፍም፤ «ሳቢ»፣ «ቆይ»፣ «ወደኔ ነይ» ማለት ግድ ነው። በአራተኛው ቀን አንዲት የጧት ሠራተኛ ጥጓን እንደያዘች «ሦስተኛዋ ማሽን ዛሬ ታፈስሳለች፣ ከሥሯ ጨርቅ አድርጉ» አለች። ከፈረቃ ወደ ፈረቃ በአፍ የተላለፈ የመጀመሪያው ወሬ ነው ብለውኛል። ጓጉንቸሮቹ ግን አሁንም አሉ።

ሜትሩን ገዝቻለሁ። አባባ ሲደውል ይህንኑ ብነግረው ሳቀ። «የነሱ ሜትር እኮ የፊት ጥርሱ ወልቋል» አለኝ። «ከጫፉ አንድ ሳንቲሜትር የለውም። አርባ ሁለት ብለው የሚጽፉት አርባ አንድ ነው። ይኸው ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አርባ አንድ እቆርጥላቸዋለሁ።» ለምን አትነግራቸውም ስለው ሱቁ ሊዘጋ ነው አለ። ከመዝጋቱ በፊት ግን «የአጎትሽ ጉልበት ተሻለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሼ፣ በሁለታችሁ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። እርስዎ የወንድምዎን ሳል ሰምተው ለኔ ይጽፋሉ፤ እሱ የወንድሙን ጉልበት ከኔ ይጠይቃል። ምን ሆናችሁ ነው?

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 17

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? መልስሽ ገና አልደረሰኝም። የምጽፈው ስለ ሜትሩ ነው፤ ተዪው፣ አትድከሚ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የክፍላችንን በር አንዴ ከሜትሩ ጫፍ፣ አንዴ ከመካከሉ ጀምሬ ብለካው ሁለት ዓይነት ሆነብኝ። መነጽሬን አድርጌ የሜትሩን ጫፍ ሳየው አንድ ሳንቲሜትር ተቆርጦ ወድቋል። መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሚገርመው፣ መቀመጫዎቹ ሁልጊዜ ልክ ሲገቡ ነው የኖሩት። ስፖንጅ ይለጠጣል መሰለኝ።

ወዲያው አስተካከልኩት። ሁሉም ሰው ሜትሩ ከሚለው ላይ አንድ እንዲቀንስ አዘዝኩ። አሁን አርባ ሁለት ስንል አርባ ሁለት ነው። የመቶ ሃያውን ወንበር አጥንት በዚሁ ልክ ጨርሰን ወደ ማዶ አሳልፈናል። የአባትሽ ሰዎች መቀመጫውን ጀምረዋል። ቀይ ጨርቅ ነው፣ ያምራል፤ በግቢው ሲያልፍ አይቼዋለሁ።

ለነሱ መንገር አስፈላጊ አልመሰለኝም። ምን ተብሎ ይነገራል? ስንሳሳት ነበር ተብሎ? ለዚያ ክፍል? ልኩ በጠመኔ ተጽፎላቸዋል፤ አርባ ሁለት። ማንበብ ይችላሉ።

ቶሎ ቶሎ መጋቢት 4 ራሱ ተቀምጦ ይፈትሻቸዋል።

የፈረቃዎችሽ ነገር እንዴት ሆነ? ግልጽነት፣ ልጄ፣ ግልጽነት።

አጎትሽ


መጋቢት 2

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

አባባ እርስዎ አርባ ሁለት ሲሉ አርባ አንድ ነው የሚቆርጠው። ዓመት ሙሉ የናንተን ሜትር ሲያርም ነው የኖረው። በየካቲት የጻፍኩልዎት ይህንኑ ነበር፤ ምናልባት ዛሬም መንገድ ላይ ነው። እርስዎ አስተካክለዋል፣ እሱም አስተካክሏል። መቶ ሃያውም መቀመጫ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ሊያንስ ነው።

የእርስዎ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ወዲያው ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ቢሮ ደወልኩ። ቶሎ ቶሎ ራሱ አነሣው።

«ቶሎ ተናገሪ» አለኝ።

«እባክዎ ለአጎቴ ይንገሩልኝ፤ ከአባቴ ጋር ይነጋገር። አንድ ሳንቲሜትር...»

«የምን ሳንቲሜትር?»

«በወንበሮቹ ላይ...»

«እነሱ ይነጋገራሉ፤ በጠመኔ። ሥራ ላይ ነን» ብሎ ዘጋው።

ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሣም። አባባ የሚደውልልኝ እሁድ ነው፤ እሁድ መጋቢት 5 ነው። ይህን ደብዳቤ በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ። በስምንት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። ስምንት ቀን ማለት መጋቢት 10 መሆኑን መቁጠር አላቃተኝም።

አባባ በሚቀጥለው ዓመት ስድሳ ይሞላዋል። ያ ክፍል ከተዘጋ በዚህ ዕድሜው የሚቀጥረው የለም። ይህን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ከእርስዎ በር እስከ እሱ በር ሃያ አምስት እርምጃ ነው ብሎኛል። ቆጥሮታል ማለት ነው።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 12

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እስከ መጨረሻው ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው። ፈጣኑ ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ወንበሮቹ ከሄዱ በማግስቱ። የየካቲቱ ደግሞ ሃያ ቀን መንገድ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ባለፈው ሰኞ ገባ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የሆነው ሁሉ የሆነው ሳናውቅ ነው።

ቅዳሜ ጧት መቶ ሃያውን ወንበር ግቢው ውስጥ ደረደርነው። የእንጨት ክፍሉ በአንድ በኩል ቆመ፣ የመቀመጫ ክፍሉ በሌላ በኩል፤ ያ ጽሑፍ ከላያችን። ቶሎ ቶሎ ባለፉት ዓመታት ተመችቶት ወፍሯል፤ ሲቀመጥ ወንበር ያውቀዋል። የመጀመሪያው ላይ ተቀመጠና «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ዘበኛውን ለመጥራት ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። መቀመጫው በግራ ተነሣ፣ በቀኝ ወረደ፤ ባለቤታችን በመካከሉ ገባ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተገናኘ፣ እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ።

ማንም አልሳቀም። ዘበኛው ብቻ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ትከሻው ይነቀነቅ ነበር።

እኔ በቀኝ ደረስኩ፣ አባትሽ በግራ። ብብቱን ይዘን ስንስበው ወንበሩም አብሮት ተነሣ።

«ወንበሩን ያዘው» አለኝ አባትሽ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ይዣለሁ።»

«አልያዝክም። በእግርህ እርገጠው።»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«በሌላኛው እርገጠዋ።»

በሌላኛው ረገጥኩት። ቶሎ ቶሎ በመካከላችን ተንጠልጥሎ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል። እንደ ቡሽ ተነቅሎ ወጣ። ሱሪውን አራገፈና «የማን ሥራ ነው?» አለ። ዓይኑ ወደ አባትሽ ሄደ። የወደቀው መቀመጫው ነው፤ አጥንቱ እንደቆመ ነው። እኔም አጥንቱን አየሁ፣ ከዚያ አባትሽን።

«ስንት ነው የቆረጥከው?» አልኩት።

«አርባ አንድ።»

«አርባ ሁለት ብዬ አልጻፍኩም?»

«አንተ አርባ ሁለት ስትል አርባ አንድ ነው። ዓመት ሆነህ።»

«አስተካክዬዋለሁ እኮ።»

«መቼ?»

«በጥር መጨረሻ።»

«ለማን ነገርክ?»

ዞር ብል ሰዎቼ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ኪሴ ውስጥ ጠመኔው ነበር።

ቶሎ ቶሎ ግንባሩን ይዞ «ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደውላ ሳንቲሜትር፣ ሳንቲሜትር ስትለኝ ነበር» አለ።

«ምን አሏት?» አለው አባትሽ።

«ዘጋሁባት።»

ከዚህ በኋላ ማን ማንን ይቆጣ? ቢሆንም ሰውዬው ግትር ነው። «ከተናገርኩት አልመለስም። መጋቢት 10 ካልደረሰ የመቀመጫው ክፍል ይዘጋል» አለ። እኔም «ካልደረሰ የሚያሰናብቱት እኔን ነው። እነሱ አርባ አንድ የቆረጡት የኔን ስህተት ለማረም ነው» አልኩት። ጀግና ነበርክ እንዳትይኝ። ሌላ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነው።

የቀረን ስድስት ቀን ነው። መላውን ያመጣው አባትሽ ነው፤ የእያንዳንዱን መቀመጫ ጠርዝ ዙሪያውን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል፣ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲሜትር። አራት ጎን በመቶ ሃያ ወንበር አስቢው። የሱ ሰዎች ስድስት ናቸው። ዘጠኙን አናጢዎቼን ይዤ ሄድኩ። ሃያ አምስት እርምጃ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ነው። የሱ እርምጃ አጭር ነው።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ድሮ ዕቃ የምናሳልፍበት መስኮት ነበር። በተኳረፍን ሰሞን እኔ በዚህ በኩል ጣውላ መታሁበት፤ ያን ጊዜ እሱ በዚያ በኩል ሲመታ ይሰማኝ ነበር። እሁድ ጧት ሁለቱንም ነቀልናቸው። አቧራው ሁለታችንንም አሳለን።

ሰኞ የየካቲቱ ደብዳቤሽ ሲደርስ እጃችን ሥራ ላይ ስለነበር ዘበኛው አነበበልን። ጥርሱ የወለቀው ሜትር ላይ ሲደርስ አባትሽ ምስማሩን ከአፉ ሳያወጣ ሳቀ። ዘግይቶ የመጣ ወሬ ነው። የአንሶላው ነገር ግን በሰዓቱ ነው የደረሰን። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን እየሠሩ የሚነጋገሩት በአገጭ ነበር። ወዲያው አንድ ከኔ አንድ ከሱ አድርገን አጣመርናቸው፤ አንዱ ጨርቁን ይወጥራል፣ ሌላው ይመታል። «እኔ አናጢ ነኝ እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለሁም» ያለ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሳየው ጨርቅ ሲወጥር ምላሱን አውጥቶ ነው። ከአባትሽ ሰዎች አንዷ ደግሞ መዶሻ አያያዙን ስታርመው ሰማሁ። እሺ አላት። እኔን እሺ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 10 መቶ ሃያውም አለቀ። ቶሎ ቶሎ አንድ በአንድ ተቀመጠባቸው። በተቀመጠ ቁጥር ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እኔ በቀኝ፣ አባትሽ በግራ ቆመን ነበር። አንድም አልወደቀም። ክፍሉ ይቆያል፤ እኔም አለሁ።

ምን ሆናችሁ ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከስድስት ዓመት በፊት የእንጨት ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ስሾም ቦታውን አባትሽም ይጠብቀው ነበር። እኔ ሳምንት ቀድሜ አውቄያለሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል እሱ ከዘበኛው ሰማ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም ያለው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። በጥር ስመክርሽ ከየት አወቅህ አትበይኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሁለታችንም አንድ መቀመጫ ይዘን ሳለ፣ «መንገር ነበረብኝ» አልኩት። «ነበረብህ። ጥጉን አጥብቀህ ያዝ» አለኝ። ደብዳቤሽን ሲሰማ ልብ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ሜትሩን አትላኪ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ለውጫለሁ። ሁለት ላኪ፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ።

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎ፣ ሌላኛውም ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ጠመኔዎ?

ያን እሁድ ስልኩ አጠገብ ወንበር አድርጌ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። አባባ አልደወለም። አልቆለታል ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ ለካ መስኮት ስትነቅሉ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደወለና ባለ ሱቁ በእውነት በሩን እስኪዘጋበት ድረስ አወራኝ። በሱ አነጋገር ቶሎ ቶሎ የሰመጠው እስከ አንገቱ ነው፣ ለብቻው የጎተተው ደግሞ አባባ ነው፤ እርስዎ ወንበር ይዘው ነበር። የቱን ልመን?

የእርስዎን ደብዳቤ ለሁለቱም ፈረቃ አነበብኩላቸው፣ በቋንቋቸው እየመለስኩ። ጄኔራሏ «እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለ?» አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው የጋሪያቸውን መክፈቻ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የጧቶቹም አንድ በአንድ አኖሩ። አሥራ ስምንት ጓጉንቸር ሰበሰብኩ። አንዱ አልከፈት ብሎናል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ጋሪው እንደታሰረ ነው፤ ማንም ሳያየው ዝገት ጀምሮታል።

ሙከራዬ ትናንት አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ ማሽኖቹን አየ፣ አንሶላ ሲታጠፍ ቆሞ ተመለከተ። «ለምን ሁሉም ያወራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሥራው ነው» አልኩት። ካውያዬን ለሌላ ሰው ሰጥተውብኛል፤ ስለዚህ ኃላፊ ሆኜ እቀጥላለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ሜትር ገዛሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሱቁ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ፣ ዘርግቼ አስተያየኋቸው። ባለ ሱቁ ሴትዮዋ ጤና የላትም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። በወሩ አጋማሽ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ሌላ የምትፈልጉት ካለ ቶሎ ጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 11

ለልጃችን፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ወንበርሽ ይጽና፤ ወንበር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሹመትሽን ለአባትሽ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው በደረሰ በሩብ ሰዓት ውስጥ። ተሻሽያለሁ።

አዳራሹ ሌላ ሰማንያ ወንበር አዝዟል። ቶሎ ቶሎ ያን ጽሑፍ አውርዶ አዲስ ሊያሠራ ነው። ምን ተብሎ ይጻፍ ብሎ ቢያማክረን አባትሽ «ከመዝጋትዎ በፊት ይስሙ» አለው። ለስልኩ ነው ለክፍሉ አልጠየቀውም።

በጠመኔ አሁንም እንጽፋለን፤ የለመደ እጅ አይተውም። ግን ከጻፍን በኋላ አንገታችንን በመስኮቱ አውጥተን «አርባ ሁለት» እንላለን። ከማዶ «በየትኛው አርባ ሁለት?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህ ቀልድ ይኸው አንድ ወር ሆነው። ያላረጀው ለሱ ብቻ ነው።

ስለ ሜትሩ ሳስበው አንድ ይበቃል። አንዱን ለራስሽ አስቀሪው። እኔና ወንድሜ በመስኮቱ እየተቀባበልን እንለካበታለን፤ እሱ ሲፈልግ ይጠይቀኛል፣ እኔም ስፈልግ እጠይቀዋለሁ። እንዲያውም ይሻላል።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ በመስኮቱ አሳልፌለታለሁ። ከሥሩ የሚጽፈው ካለው ይጻፍ።

አጎትሽ

ልጄ፣

ሁለቱንም ላኪ። ይህ ሰውዬ የሰው ዕቃ ወስዶ መመለስ አያውቅም። መዶሻዬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደሄደች ነው፤ ትናንት በመስኮቱ አየኋት።

አባትሽ